አርቬል ቀና ያለ ጊዜ

ሉቪኒያ ፕራት ከፒያኖው ፊት ተቀምጣ ቀና ስትል ያየችው አርቬል ታገርትን ሳይሆን ግድግዳ ነበር።

ትናንት ከቺካጎ ስትደርስ ይህ ግድግዳ አልነበረም። አሁን ጥቁር ስፖንጅ የለበሱ ሁለት ሰፋፊ ጣውላዎች በፒያኖውና በጊታሩ ወንበር መካከል ቆመዋል። ከወዲያ በኩል የሚታያት የአርቬል ባርኔጣ ጫፍና ወደፊት የተዘረጋው ቀኝ እግሩ ብቻ ነው። ጫማው ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ሲጫወት ወለሉን የሚመታው በዚያ እግሩ እንደነበረ አልረሳችም።

«ይሄ ምንድነው?» ልትል ፈልጋ ተወችው። መልሱን የምታውቀው መሰላት። ትናንት በሚስ ኦዜላ ደጃፍ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ አርቬል ባርኔጣውን አውልቆ እጇን ጨበጣትና «እንኳን ደህና መጣሽ ሉቪኒያ፣ መንገዱ እንዴት ነበር?» አላት፤ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣን ሰው በሚያናግርበት ድምፅ። መንገዱ እንዴት እንደነበረ ስትነግረውም የሚያየው እሷን ሳይሆን የተከራየችውን መኪና ጎማ ነበር። እንግዲህ ዛሬ ጎማውም አልበቃው ብሎ ግድግዳ አስቆመ ማለት ነው።

የሚስ ኦዜላ ቤት የሎደን ከተማ አልቆ የጥጥ እርሻው በሚጀምርበት ቦታ ላይ ያለች ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ናት። የሚሲሲፒ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ሲጨፍርባት ኖሯል። ሉቪኒያና አርቬል ወጣት ሳሉ እዚህች ክፍል ውስጥ አብረው ይጫወቱ ነበር። እሷ የቀብር አስፈጻሚው የሚስተር ፕራት ልጅ ነበረች፤ አባቷ በከተማው ከነበሩት ጥቁሮች ሁሉ የተከበረ፣ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት የነበረው ሰው ነው። ፒያኖ ያስተማራት ለቤተ ክርስቲያን ነበር። አርቬል ደግሞ በጥጥ እርሻው ላይ ትራክተር ይነዳ ነበር። በአንድ ክረምት ማለቂያ ላይ ሉቪኒያ ለማንም ሳትናገር በጠዋቱ አውቶቡስ ቺካጎ ገባች። አስተማሪ ሆነች፤ አገባች፤ ወለደች፤ ባሏን ቀበረች። አርቬልም አግብቶ ፈታ፤ ጊታሩን ይዞ ብዙ አገር ዞረና ተመልሶ ሎደን ተቀመጠ።

ሁለቱ አብረው ሲጫወቱ የሰሙ ሰዎች እስከ ዛሬ ያወሩታል፤ የቀረጸው ግን ማንም የለም። ኮልቢ ሬንፍሮ የሚባል የሜምፊስ ድምፅ ቀራጭ ይህን ወሬ ሰምቶ ሁለቱንም ፈልጎ አገኛቸው። አንድ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ሁለታቸው ብቻ የሚጫወቱት አንድ አልበም ነው የፈለገው። ሉቪኒያ መጀመሪያ እምቢ አለች። ቆይታ እሺ አለች። ለምን እሺ እንዳለች የጥርስ ሐኪም የሆነችው ልጇ አዴል ስትጠይቃት «ለሙዚቃው ነው» ብላ መለሰችላት፤ አዴልም አላመነቻትም፤ እሷም ራሷን አላመነችም። አርቬልን የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበራት። ቀረጻው እንዳለቀ በዚያው ምሽት አብራት ከመጣችው ከአዴል ጋር ወደ ቺካጎ ይበርራሉ። ሳትጠይቀው ብትመለስ ሌላ ጊዜ እንደማይኖር ታውቃለች።

«ሚስ ሉቪኒያ፣ ሚስተር አርቬል፣» አለ ኮልቢ ከማሽኖቹ ጀርባ ሆኖ፣ «ሰው ሳይመጣ ድምፁን ላስተካክል፤ እስቲ አንድ ዘፈን ይጫወቱልኝ።»

ጀመሩ። የመጀመሪያው ስንኝ በሰላም አለፈ። በሁለተኛው ላይ ሉቪኒያ ወደሚቀጥለው ኮርድ፣ አንድ ላይ ወደሚመቱት ሌላ የድምፆች ስብስብ፣ ስትሄድ ጊታሩ ገና የድሮው ላይ ነበር። ተመልሳ ስትጠብቀው ደግሞ እሱ ሄደ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ አቆሙ።

በደንቡ የብሉዝ አንድ ዙር አሥራ ሁለት ተቆጥሮ ይዘጋል፤ የሚሲሲፒ ደልታ አሮጌ ብሉዝ ተጫዋች ግን ቆጥሮ አይጫወትም። ኮርድ የሚቀይረው ስንኙ ሲያልቅለት ነው፤ ወይም ትንፋሹ ሲያልቅ፤ ወይም ሲያሰኘው። አብሮት የሚጫወት ሰው ፊቱን እያየ ይከተለዋል። አርቬል ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው። ሊቀይር ሲል አንገቱን ከጊታሩ ቀና ያደርግና አብሮት የሚጫወተውን ሰው ዓይን ያያል። ያቺ እይታ ያመለጠችው ሰው ገደል ይገባል።

«ቀደምሽ» አለ ድምፁ ከጣውላው ጀርባ።

«አንተ ዘገየህ እንጂ።»

«ስንኙ አላለቀም ነበራ።»

«በምን ልወቅ? የማየው ባርኔጣ ነው።»

«ቁጠሪ እንግዲህ። ቺካጎ ቆጥረው ነው የሚጫወቱት ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«አንተ በሕይወትህ እስከ አሥራ ሁለት ቆጥረህ ታውቃለህ?»

«አሥራ አንድ ላይ ይደክመኛል።»

የቤቱ ባለቤት ሚስ ኦዜላ ከባንኮኒው ጀርባ ብርጭቆ ትወለውላለች። ሰማንያን አልፋለች፤ ማንንም አትፈራም። «እኔ ደግሞ እናንተን ስሰማ ደከመኝ» አለች። «ሁለት ዶሮ አንድ ጆንያ ውስጥ ከትተው የሚያንገላቱ ነው የሚመስለው። ለዚህ ነው እንዴ አምባዛ ስጠብስ ያደርኩት?»

አዴል የመኪናውን ቁልፍ በእጇ እንደያዘች ወደ ፒያኖው ተጠጋች። «እማዬ፣ ካልተመቸሽ መተው ይቻላል። ማንም አያስገድድሽም።»

«ከግድግዳ ጋር መጫወት አልተማርኩም» አለች ሉቪኒያ፤ ለልጇ ሳይሆን ለጣውላው። ከወዲያ በኩል የተወለወለው ጫማ ወደ ኋላ ተሰበሰበ። መናደድ እንዳለባት ታውቃለች፤ ግን የተሰማት ነገር ንዴት አልነበረም፤ ስምም አላገኘችለትም።

* * *

ከቤቱ ጀርባ ትልቁ መጥበሻ እሳት ላይ ተጥዷል። ሉቪኒያ አየር ልትቀበል ስትወጣ ሚስ ኦዜላ ተከትላት ወጣችና ዓሣውን ታገላብጥ ጀመር።

«ምን ሆነሽ ነው ፊትሽን እንደዚህ የጣልሽው?»

«ምንም።»

«ምንም ነው የምትይኝ? ልጅ ሆነሽ በዚያ በኩሽናችሁ መስኮት ዘለሽ ስትመጪም ፊትሽ ሁሉን ነገር ይናገር ነበር። አሁንም አልተሻለውም።»

«ሊያየኝ እንኳን አልፈለገም ሚስ ኦዜላ።»

«ማ? አርቬል?» አሮጊቷ በሹካዋ ወደ ጓሮው ጠቆመች። «ያ ሽማግሌ ከሐሙስ ጀምሮ ሸሚዝ ሲተኩስ ነው የከረመው። አንዱን አቃጥሎ የእህቱን ልጅ ካውያ ሊዋስ ሄደ። አንቺ እንድታዪው ካልሆነ፣ ለእኔ ብሎ ነው እንዴ የሚተኩሰው?»

ሉቪኒያ ይበልጥ ግራ ገባት። ሸሚዝ የሚተኩስ ሰው ለምን ግድግዳ ያቆማል? ግድግዳ የሚያቆም ሰውስ ለምን ሸሚዝ ይተኩሳል?

አርቬል ከፔካኑ ዛፍ ሥር፣ በአሮጌው ጭነት መኪናው ጀርባ ላይ ተቀምጦ ጊታሩን ይቃኛል። ሸሚዙ ነጭ ነው። በደንብ ተተኩሷል። ስትመጣ ሲያያት ሊነሳ አለና ጊታሩ ያዘው።

«ሉቪ» አለ። ትናንት በሙሉ ስሟ ነበር የጠራት።

«አርቬል፣ አንድ ነገር ሳልጠይቅህ አልሄድም።»

«ጠይቂኝ።»

«ያኔ ለምን ሂጂ አልከኝ?»

«ማን?»

«አንተ ነሃ።»

«እኔ ሂጂ አልኩሽ? መቼ?»

«እዚህ ቤት ውስጥ። የመጨረሻዋ ቅዳሜ ላይ። ሰው ሁሉ እየሰማ።» ከዚያም ሳትዘፍነው፣ ተማሪ በቃሉ የያዘውን እንደሚያነበንብ አድርጋ አለችው፦

*አውቶቡሱ ቆሟል፣ ሻንጣሽም ቀላል ነው፣*
*አውቶቡሱ ቆሟል፣ ሻንጣሽም ቀላል ነው፤*
*መሄድ ላማራት ሴት በሬ ሰፊ ነው።*

አርቬል አፉን ከፍቶ አያት። «ሉቪ፣ እሱ እኮ ስንኝ ነው።»

«ስንኝ መሆኑን አውቃለሁ።»

«የማንም ስንኝ ነው እኮ። ከአጎቴ ነው የሰማሁት፣ እሱም ከሌላ ሰው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ነበር የምለው። ስለ በቅሎዋ የምትለውን ስንኝ ካልኩ በኋላ ሁልጊዜ የምትከተለው እሷ ናት። አንቺም ፒያኖው ላይ ቁጭ ብለሽ ስትሰሚው ነው የኖርሽው።»

እውነቱን ነው። እሷም ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። የብሉዝ ስንኝ ባለቤት የለውም፤ ከአፍ ወደ አፍ ይሄዳል፤ የሚዘፍነው ሰው የራሱ ልብ ሳይሰበር የሌላውን ልብ ስብራት ተበድሮ ይዘፍናል። እሷ ራሷ ያልከዷትን ወንዶች ስታማ ስንት ጊዜ ዘፍናለች።

«ያን ቀን ግን የተለየ ነበር» አለች። «‘በሬ ሰፊ ነው’ ስትል ቀና ብለህ ዓይን ዓይኔን አየኸኝ።»

«ልቀይር ስለነበር ነዋ።»

«ምኑን?»

«ኮርዱን። ካላየሁሽ በምን ታውቂያለሽ?»

ሉቪኒያ ከመኪናው ጀርባ ላይ፣ ከጎኑ ተቀመጠች።  ከመጥበሻው በኩል የዘይቱ ድምፅ ይሰማል።

«አባቴ የአውቶቡስ ቲኬት ቆርጦልኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እንዲያስተምሩኝ አክስቴ ጋ ሊልከኝ። ያን ቀን ስጫወት ቲኬቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አንድ ቃል ብትለኝ እቀደዋለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። ከአፍህ የሰማሁት ቃል እሱ ሆነ።»

«ቲኬት እንዳለሽ ማን ነገረኝ?»

«ለምን ታዲያ አልተከተልከኝም? ለምን አልጠየቅክም?»

«ማንን ልጠይቅ? አባትሽን? አባትሽ እኮ ትራክተር ነጂ በፊት በር የሚያስገባው ሞቶ ከመጣ ብቻ ነው። ለአድራሻ ብዬ ልሙትልሽ?»

ሳታስበው ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ልታለቅስ ፈለገች፤ እንባው ግን አልመጣም። በመሃል ቀረች። ዕድሜዋን ሙሉ ይህ ሰው ገፍቶኛል ብላ ኖራለች። በዚያ ቂም ላይ ቤት ሠርታለች፤ ደግ ባል አግብታለች፤ አዴልን ወልዳለች። አሁን ቂሙ ከሥሩ ሲነሳ፣ የሠራችበትን ቤት ምን ልታደርገው ነው? አርቬል አስቦ ብሎት ቢሆን ይሻላት ነበር? ወይስ ሳያስበው መሆኑ? ሁለቱንም በየተራ ሞከረቻቸው፤ ሁለቱም አመሟት።

«ስለዚህ ስንኝ ብቻ ነበር?» አለችው።

አርቬል የጊታሩን አንገት በመዳፉ ጠረገ። «ልዋሽሽ አልፈልግም» አለ። «የቺካጎውን ትምህርት ወሬ ሰምቼ ነበር። ይቺ ልጅ እዚህ ከእኔ ጋር ምን ታደርጋለች ብዬ አስቤ አውቃለሁ። ያን ቀን ሳይሽ ለኮርዱ ይሁን ለሌላ ነገር አላውቅም ሉቪ። ስንት ጊዜ ነው ያየሁሽ። የትኛው ለምን እንደነበረ እንዴት አድርጌ ልለየው?»

«ዛሬስ? ግድግዳ ያስቆምከው እንዳታየኝ ነው?»

«እኔ?» ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ። «አንቺ ያስቆምሽው መስሎኝ ነው እንጂ። ልታየኝ አልፈለገችም ብዬ እግሬን እንኳን ሰበሰብኩልሽ።»

ተያዩ። ከመጣች ጀምሮ ፊት ለፊት ሲተያዩ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሁለት ሸበቶ ሰዎች እንደ ሁለት ልጆች አፈሩ። እፍረቱ ደስ ይበል ወይ ይክፋ ሉቪኒያ መለየት አቃታት።

* * *

«ግድግዳውን ማን ነው ያስቆመው?» አለች ሉቪኒያ ገብታ።

«እኔ ነኝ» አለ ኮልቢ። «ድምፃችሁ እንዳይቀላቀል ነው። የጊታሩ ድምፅ ወደ ፒያኖው ማይክ፣ የፒያኖው ወደ ጊታሩ እንዳይገባ። አንድ ቦታ ላይ አንዳችሁ ብትሳሳቱ በኋላ ለብቻው ማስተካከል እንድችል።»

አርቬል ጊታሩን አስቀመጠና ጣውላውን በአንድ ጎኑ ያዘው። «በዚያ በኩል ያዝልኝ።»

«ሚስተር አርቬል፣ ይህ ከተነሳ በኋላ ሁለታችሁን መለየት አልችልም።»

«ለያቸው ያለህ ማነው?» አለች ሚስ ኦዜላ። «ወደዚህ አምጡት፤ የዓሣ ጠረጴዛ አጥሮኛል።»

ፀሐይ ወደ ጥጡ ስታዘቀዝቅ ሰው ሞላ። ከጥጥ መዳመጫው የወጡ፣ ከቤተ ክርስቲያን ተደብቀው የመጡ፣ ወላጆቻቸው ስለ ሁለቱ ያወሩላቸው ወጣቶች፤ ሁሉም ዓሣና ነጭ ዳቦ በወረቀት ሳህን ይዘው ተቀመጡ። አዴል በሩ አጠገብ ቆማለች። የእናቷን ሻንጣ መኪናው ላይ ጭናለች።

ተጫወቱ። በመጀመሪያ ሁለቱም ጠንቃቃ ነበሩ፤ ወተት እንደሚሸከም ሰው። ከዚያ የአርቬል እግር ወለሉን መምታት ጀመረ። ቀና ሲል ታየዋለች፤ ትቀይራለች። ቀና ሲል ትቀይራለች። ጣቶቿ አርጅተዋል፤ አንዳንዱን ኖታ ይዘሉታል፤ እሷም ግድ አልሰጣትም። ከኋላ አንዱ «ኧረ ቀስ፣ ቤቱ ያረጀ ነው» ሲል ሰው ሳቀ።

ከዚያ አርቬል የበቅሎዋን ዘፈን ጀመረ።

ስለ በቅሎዋ የምትለውን ስንኝ አለ። ቀጥሎ የምትመጣው የትኛዋ እንደሆነች ሉቪኒያ ታውቃለች። ሚስ ኦዜላም ታውቃለች፤ ብርጭቆ መወልወል አቆመች። አርቬል ግን አልዘፈናትም። አንገቱን ደፍቶ ያንኑ ኮርድ ይዞርበታል፤ ይዞርበታል። የስንኙ ቦታ ባዶውን አለፈ። አንድ ሽማግሌ «በላ፣ ንገራት እንጂ» አሉ። አርቬል ራሱን ነቀነቀ። ጊታሩ መዞሩን ቀጠለ፤ ማንም ሰው ሳይገባበት ክፍት እንደተተወ በር።

ሉቪኒያ ልትዘፍን አላሰበችም። ድምፄ ከሄደ ቆይቷል ትል ነበር። አፏ ሲከፈት ራሷም ደነገጠች።

*ያ ሰፊው በርህ ዛሬም ክፍት ነው ወይ፣*
*ያ ሰፊው በርህ ዛሬም ክፍት ነው ወይ፤*
*ወጥታ ለቀረች ሴት መግቢያም ይሆናል ወይ።*

 አርቬል አንገቱን ከጊታሩ ቀና አደረገና አያት።

አየችው። ግራ እጇ ዕድሜዋን ሙሉ እንደለመደችው ወደሚቀጥለው ኮርድ ሄደች።

ጊታሩ አልሄደም።

ሁለቱ ድምፆች ተጋጩ። ጆሮ የሚቆረጥም፣ ለሰው የማይነገር ስህተት ነበር። ሉቪኒያ ፊቷ ጋለ። ልትመለስ አለች፤ ግን እሱ አሁንም እያያት ነው። ኮርዱን አልቀየረም። ሊቀይርም አልነበረም። ጣቶቹ በድሮው ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ዓይኖቹ ብቻ ናቸው የተነሱት። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ የገባት መሰላት፤ ከዚያ ደግሞ መግባቱን ፈራችው። እጇን እዚያው የተሳሳተው ቦታ ላይ ትታ ዝም ብላ አየችው።

ከዚያ በኋላ ዘፈኑ እንዴት እንዳለቀ አታስታውስም። ሰው ሲያጨበጭብ ሰማች፤ ወንበር ሲጎተት ሰማች።

ኮልቢ የጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ አውርዶ መጣ። ፊቱ በርቷል፤ ግን ትንሽ ተጨንቋል። «በጣም ቆንጆ ነው። አንዲት ቦታ ብቻ... ሚስ ሉቪኒያ ከስንኙ በኋላ ቀድመው ቀየሩ። ለብቻው ማውጣት አልችልም፤ ተቀላቅሏል። እስቲ እሱን ብቻ ብንደግመው?»

«አይደገምም» አለ አርቬል።

«ግን ስህተቱ እንዳለ ነው አልበሙ ላይ የሚወጣው።»

«እሷ አልተሳሳተችም። እኔ ነኝ ያየኋት።»

ኮልቢ አልገባውም። ሁለቱን አፈራርቆ አያቸውና ወደ ማሽኖቹ ተመለሰ።

ሰው ወደ ግቢው ሲወጣ ክፍሉ ሰፋ። አርቬል ከወንበሩ አልተነሳም፤ ሉቪኒያም ከፒያኖው። በመካከላቸው ጣውላው ቆሞበት የነበረው ወለል ባዶ ነው።

«አርቬል፣ አሁን ያየኸኝ ለዘፈኑ ነው?»

«ለዘፈኑ ቢሆን ኮርዱ የታለ?»

 እሱም ጊታሩን ጭኑ ላይ አስተኛና፣ «አንቺስ?» አለ፤ ድምፁ ቀነሰ። «ያቺን ስንኝ ከማን ሰማሻት?»

ሉቪኒያ አሰበች። ከአባቷ ቤት መስኮት ጀምሮ እስከ ዛሬ የሰማቻቸውን ዘፋኞች ሁሉ በልቧ ፈለገች። ከአንዳቸውም አልተበደረቻትም።

«ከማንም አልሰማኋትም» አለች።

አርቬል ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው።

«እማዬ?» አለች አዴል ከበሩ፤ ቁልፉን እንደያዘች። «አውሮፕላኑ እንዳያመልጠን።» ከዚያ የእናቷን ፊት አየችና ቁልፉን ድምፅ እንዳያሰማ መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው።

ሉቪኒያ ወደ በሩ አልዞረችም።  ግራ እጇን አነሳችና ያንን የተሳሳተ ኮርድ ደግማ፣ በጣም ቀስ አድርጋ ነካችው፤ ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚመስል ልትሰማው። ጆሮዋን ቆረጠማት፤ እጇን ግን አላነሳችም። አርቬል ጊታሩን ሳያነሳ፣ ቀና ብሎ ያያታል።